ድፍን ብርና ዝርዝር

«መልሱ ልክ ነው፤ አሠራሩ ግን ልክ አይደለም። ፎርሙላ ተጠቀሚ።»

ይህችን በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች ፍርድ ያነበብኳት ባለፈው ክረምት፣ ደሴ፣ የእህቴ ልጅ የሒሳብ ወረቀት ላይ ነው። ጥያቄው ከአምስት ሰዎች መካከል ሦስት ሽማግሌዎች በስንት መንገድ ሊመረጡ ይችላሉ የሚል ነበር። ልጅቷ አምስቱን ሰዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ብላ ሰየመቻቸው። ከዚያ በ«ሀ» ጀመረች፦ ሀለሐ፣ ሀለመ፣ ሀለሠ፣ ሀሐመ፣ ሀሐሠ፣ ሀመሠ። ስድስት። «ሀ»ን አሰናብታ ወደ «ለ» ሄደች፦ ለሐመ፣ ለሐሠ፣ ለመሠ። ሦስት። በመጨረሻ ሐመሠ። አንድ። ድምር አሥር። ያመለጣት የለም፤ የደገመችው የለም። ከአምስት ነጥብ ሁለት ሰጧት።

ይህ የአንድ መምህር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ቡና ጠጥተን እንጨርሰው ነበር። ግን አይደለም። ደሴም ሂዱ፣ ኮምቦልቻም ውረዱ፣ አዲስ አበባም ግቡ፣ ያው ነው። ወላጅ «ልጄ እስካሁን በጣቱ ይቆጥራል» ብሎ ያፍራል። አስጠኚ በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ሙሉ ፎርሙላ አስገልብጦ «ይህን ከያዝክ አለፍክ» ይላል። ተማሪው ራሱ ሲዘረዝር የሚገኘው በረቂቅ ወረቀት ጥግ፣ ተደብቆ፣ እንደ ነውር ነው። እምነቱ አንድ ነው፦ መዘርዘር የሕፃን ሥራ ነው፤ ሒሳብ የሚባለው ፎርሙላው ነው። ይህ እምነት ስህተት ነው፤ ልጆቻችንንም ከሒሳብ ጋር ያኳረፈ ስህተት ነው።

የሌላውን ወገን ቃል ሳላጎድል ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ክርክር ጊዜ ነው። ብሔራዊ ፈተና ላይ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ ሌላው ቁጥሩን ፎርሙላ ውስጥ ከትቶ ሲያልፍ ዘርዛሪው ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ሁለተኛው ብዛት ነው። አሥር ሰዎች በሰልፍ የሚቆሙበት መንገድ 3,628,800 ነው። በየሴኮንዱ አንድ ሰልፍ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ፣ ሳይበላ ሳይተኛ 42 ቀን ይፈጅበታል። ሦስተኛው ስህተት ነው። እጅ ይዝላል፣ ዓይን ይዘላል፤ ፎርሙላ ግን አይደክመውም። አራተኛው የዕውቀት ደረጃ ነው። ሒሳብ ማለት ከአንድ ጉዳይ ተነሥቶ ሁሉን ወደሚገዛ ሕግ መውጣት ነው፤ በዝርዝር የቀረ ልጅ ከሕፃንነቱ አልወጣም።

ከዚህ በላይ አሳምሬ ላቀርብላቸው አልችልም። አሁን አንድ በአንድ እንያቸው።

ከጊዜው እንጀምር። ፈተና ክፍል ውስጥ ጊዜ የሚበላው መጻፉ ነው ያለው ማን ነው? የፎርሙላ ተማሪ ጥያቄውን እንዳነበበ የሚገጥመው ማመንታት ነው። «ፐርሙቴሽን ነው? ኮምቢኔሽን ነው?» ሁለት ቁልፍ በእጁ ይዟል፤ በሩን ግን አላየውም። አንድ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ ከአምስት አባላቱ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ቢመርጥ 60 መንገድ አለው። ያው ቅሬ ከእነዚያው አምስት ሰዎች ለዕርቅ ሦስት ሽማግሌ ቢልክ ያለው 10 መንገድ ብቻ ነው። ጥያቄ አውጪ ሞኝ አይደለም፤ 60ንም 10ንም ከምርጫዎቹ መካከል ያስቀምጣቸዋል። ቁልፍ የተሳሳተ ልጅ የተሳሳተ መልሱን እዚያው ወረቀቱ ላይ ታትሞ ያገኘዋል። ደስ ብሎት አጥቁሮ ያልፋል። ፈጠነ፤ ወደ ገደል።

ዘርዛሪዋ ልጅ ሁለት መስመር ብትጽፍ ይበቃታል። «ሀ ሰብሳቢ፣ ለ ጸሐፊ» እና «ለ ሰብሳቢ፣ ሀ ጸሐፊ» ሁለት የተለያዩ ሹመቶች ናቸው። «ሀና ለ ለሽምግልና ሄዱ» እና «ለና ሀ ለሽምግልና ሄዱ» ግን አንድ ወሬ ነው። ቅደም ተከተል የሚቆጠርበትንና የማይቆጠርበትን መለየት ለወሎ ልጅ ማስተማር ይህን ያህል ይከብዳል? ረከቦት ሥር ያደገ ልጅ እኮ ነው! በረካ ከአቦል ቀድማ እንደማትቀዳ ያውቃል። ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ቦታ ቢለዋወጡ ቡናው ያው መሆኑንም ያውቃል። ይህን ዕውቀቱን ከሒሳቡ ጋር ያገናኘለት ሰው ነው የጠፋው።

ደግሞስ ይህ የሽምደዳ ፍጥነት የት አደረሰን? የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለበት፣ የመጽሐፍ እጥረት አለበት፣ ሌላም አለበት። ሁሉን በፎርሙላ ጫንቃ ላይ አልጭንም። ነገር ግን «ሸምድድ፣ ትፈጥናለህ፣ ታልፋለህ» እያለ ሲምል የኖረ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ዘርዛሪዋን ልጅ «ዘገየሽ» ሊላት የሚችለው በምን አፉ ነው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ወደ ብዛቱ እንለፍ። 3,628,800 ሰልፍ ዘርዝሩ ያለ ሰው አላየሁም። ትንሹን የምንዘረዝረው የትልቁን መልክ እንድናይበት ነው። አራቱን ቅኝቶች ውሰዱ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ስለሆኑ ከቤታችን አልወጣንም። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች በአንድ ምሽት አራቱንም በየተራ ቢጫወት፣ ተራው በስንት መንገድ ሊሆን ይችላል? ልጁ ትዝታን ከፊት ያስቀምጥ። ሁለተኛውን ቦታ ለባቲ ይስጥ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ ከዚያም ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ፣ አምባሰል። ሁለት። ሁለተኛውን ቦታ ለአምባሰል ሲሰጥም ሁለት፤ ለአንቺሆዬ ሲሰጥም ሁለት። ትዝታ የሚጀምራቸው ስድስት ሆኑ። አሁን ባቲን ከፊት አድርጎ አንድ ሁለት መስመር ይጽፍና እጁ ይቆማል። «ቆይ! ይሄም ስድስት ነው። ሁሉም ስድስት ስድስት ነው!»

አራት ጊዜ ስድስት፣ 24። ሒሳቡ የተወለደው እዚያች «ቆይ» ላይ ነው። ስድስቱ ከየት መጣ? ከሦስት ጊዜ ሁለት። ሁለቱስ? ከሁለት ጊዜ አንድ። ከቁጥር ኋላ ቃለ አጋኖ የሚተከልበት ያ ፋክቶሪያል የሚባል ምልክት ለዚህ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም፤ ራሱ የጻፈው ዝርዝር ማሳጠሪያ ነው። አሥር ሰው ቢመጣበት አይዘረዝርም። መዘርዘር እንደሌለበት ያወቀው ግን ዘርዝሮ ነው።

ጥያቄውን ትንሽ እናጣምመው። ተጫዋቹ «ባቲንና አምባሰልን አከታትዬ አልጫወትም» ቢልስ? የፎርሙላው ልጅ ገጹን ያገላብጣል፤ ለዚህ የተጻፈ ቀመር እዚያ የለም። ዘርዛሪው 24ቱን ፊቱ ዘርግቶ የማይሆኑትን ይሰርዛል። በትዝታ ከሚጀምሩት ሁለት ይተርፋሉ፤ በአንቺሆዬ ከሚጀምሩትም ሁለት። በባቲ ከሚጀምሩት ግን አራት ይተርፋሉ፤ በአምባሰል ከሚጀምሩትም አራት። ድምር 12። መልሱን ከማግኘት የሚበልጥ ነገርም አገኘ፤ ጥያቄ አገኘ። ባቲ ሲጀምር ለምን አራት ሆነ? ጫፍ ላይ ስለቆመች ጎረቤቷ አንድ ብቻ ነዋ! ከአምባሰል ጋር የመጋጨት ዕድሏ ያንሳል። ይህን ያየ ልጅ ሒሳብ እያሰበ ነው። ገጽ የሚያገላብጠውስ?

ሦስተኛው ክርክር ዝርዝር ይዘላል፣ ይደግማል የሚል ነበር። እውነት ነው፤ እንደመጣለት የሚጽፍ ልጅ ይዘላል። እኔ የምሟገተው ሕግ ስላለው ዝርዝር ነው፦ አንዱን ያዝ፣ የቀረውን አዙር፣ ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትለፍ፣ ወደ ጨረስከው አትመለስ። ይህ ሥርዓት ሲጎድል ሊቅም ይወድቃል። ፈረንሳዊው ዣን ለ ሮን ዳላምቤር በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የሒሳብ ሰዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1754 በታወቀው የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ስለ ዘውድና ጎፈር ጻፈ። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር፣ ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ዘውድ በመጀመሪያው ከወጣ ጨዋታው አለቀ፤ አለዚያ ጎፈር ቀጥሎ ዘውድ፤ አለዚያ ጎፈር ጎፈር። ሦስት ጉዳይ፣ ሁለቱ ያሸንፋሉ፤ ስለዚህ ሁለት ሦስተኛ አለ። አሁን የእህቴ ልጅ ትዘርዝረው፦ ዘውድ ዘውድ፣ ዘውድ ጎፈር፣ ጎፈር ዘውድ፣ ጎፈር ጎፈር። አራት ጉዳይ፣ ሦስቱ ያሸንፋሉ፤ ሦስት አራተኛ። ዳላምቤር የጎደለው ፎርሙላ ነበር? የጎደለችው አንዲት መስመር ናት።

«ፎርሙላ አይሳሳትም» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ፎርሙላው አይሳሳትም፤ መራጩ ይሳሳታል። የዝርዝር ስህተት ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ መምህሩ ጣቱን ጭኖ «እዚህ ጋ ዘለልክ» ሊል ይችላል፤ ልጁም አይቶ ይማራል። በተሳሳተ ፎርሙላ የመጣ 60 ግን ምን ያሳያል? 60ን ብቻ።

አሁን ደግሞ አስጠኚው ባስገለበጠው ገጽ ላይ ጨርሶ የሌለ ጥያቄ ላምጣ። ባለ 200 ብር ኖት በባለ 100፣ በባለ 50 እና በባለ 10 ኖቶች በስንት መንገድ ይዘረዘራል? ከትልቁ እንጀምር። ሁለት ባለ 100 ከሆነ አንድ መንገድ ነው። አንድ ባለ 100 ከሆነ የቀረው መቶ ብር ሁለት ባለ 50፣ ወይም አንድ ባለ 50 ከአሥሮች ጋር፣ ወይም ሁሉም አሥር ይሆናል፤ ሦስት መንገድ። ባለ 100 ከሌለ ባለ 50ው አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ወይም ምንም ሊሆን ይችላል፤ አምስት መንገድ። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፤ ድምር ዘጠኝ። 300 ብር ቢሆንስ? ሰባት ይጨመራል፤ 16። 400 ቢሆን? ዘጠኝ ይጨመራል፤ 25። ዘጠኝ፣ 16፣ 25! ሦስት ጊዜ ሦስት፣ አራት ጊዜ አራት፣ አምስት ጊዜ አምስት። ከብር ዝርዝር ውስጥ ካሬ ቁጥሮች ብቅ አሉ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ለማሰብ ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ቢኖረን እንዴት ደስ ባለን! ይህን ሕግ የሰጠው ማን ነው? ያ የተናቀ ዝርዝር ነው።

የመጨረሻው ክርክር «የሕፃን ሥራ ነው» የሚለው ነው። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። የፊደል ገበታውን ተመልከቱ። 26 የግዕዝ ፊደላት፣ አማርኛ የጨመራቸው ሰባት፣ ድምር 33፤ እያንዳንዱ በሰባት መልክ፤ 231። የትኛውም የኔታ «33 ጊዜ 7» ብለው አላስጀመሩም። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፤ ተራው ሲያልቅ ወደ ለ። አንዱን ያዝ፣ ሰባቱን አዙር፣ ውረድ። ቁርአን ቤት ሉሁን ታቅፎ የተቀመጠው ልጅም ፊደሉን በፈትሓ፣ በከስራ፣ በደማ እያዞረ ነው የሚቀራው። በአንድ ሰፈር ሁለት ትምህርት ቤት፣ ሁለት ፊደል፣ አንድ ዘዴ። የቄስ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው፤ አቡጊዳ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያሉ ፊደሉን ከለመደው ተራ አውጥተው ሲያስነብቡት፣ ሀሁን በዜማው ብቻ የያዘ ልጅ እዚያው ይያዛል። የኔታ ሸምዳጅን ከዐዋቂ የሚለዩበት መንገድ ነበራቸው። እኛ ሸምዳጁን «ጎበዝ» እያልን፣ ዘርዝራ ያወቀችውን በቀይ እስክሪብቶ እንቀጣለን።

ከገበታው ከፍ እንበል። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ካሉት 35 ቀናት ከአንዱ አይወጣም፤ ዐቢይ ቀመሩም በ532 ዓመት ይዞራል፤ 19 ጊዜ 28። ይህን ሁሉ ዘመን በየመስመሩ ያሰፈሩ ሊቃውንት ሕፃናት ነበሩ? ወደ ዓለም እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኬኔት አፔልና ቮልፍጋንግ ሃከን የአራቱን ቀለማት ጥያቄ የፈቱት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቅርጾችን ዘርዝረው፣ አንድ በአንድ በኮምፒዩተር ፈትሸው ነው። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የታላቁ የኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግ ሥራው ክፍል ብዙ ገጽ የሰጠው ለአንድ ጉዳይ ነው፦ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ሳይዘሉና ሳይደግሙ እንዴት እንደሚዘረዝሩ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ኮምቦልቻ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቶ ኤሌክትሪክ ወይም ኮምፒዩተር የሚያጠና ወጣት የሎጂክ ትምህርቱን የሚጀምረው በሰንጠረዥ ነው። ሦስት ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ስምንት መስመር፣ አራት ካለ 16 መስመር፤ ከዜሮ ዜሮ ዜሮ እስከ አንድ አንድ አንድ፣ በተራ። ኢንጂነሩ ሲያደርገው ዘዴ፣ ልጅቷ ስታደርገው ልጅነት?

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ውስጥ ተኝቶ የወጣ ሰው ደሴ መድረሱን ማን ይክዳል? 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣቱን ግን የነገረው የደሴ ብርድ ነው። መንገድ አሳየን ቢሉት የሚያሳየው ኩርባ የለውም። ፎርሙላ የሸመደደ ልጅም እንዲሁ ነው፤ በፈተናው ቀን አንዲት ፊደል ብትጠፋበት መኪናው መንገድ ላይ ቆመ ማለት ነው። ኩርባዎቹን አንድ በአንድ የሚያውቃቸው ግን በእግሩም ቢሆን ይደርሳል። ፎርሙላውን ቢረሳ ሦስት አራት መስመር ጽፎ እንደገና ያወጣዋል።

አንድ ነገር አምናለሁ። ዕድሜ ልኩን እየዘረዘረ መቼ እንደሚያቆም የማያውቅ ልጅም አልተማረም። መምህር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «የት ጋ ማቆም ትችያለሽ? ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ። ይህ ጥያቄ ግን ሊጠየቅ የሚችለው ልጅቷ ፊት ዝርዝር ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ አቋሜን ሳልሸፋፍን ልናገር። በሥርዓት የተሠራ፣ ያልዘለለና ያልደገመ ዝርዝር ማስረጃ ነው፤ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ፎርሙላ ከዝርዝር በኋላ እንጂ በፊት አይሰጥ። በፎርሙላ የሠራ ተማሪም ቢያንስ አንዴ፣ በትንሽ ቁጥር፣ «ዘርዝረህ አሳየኝ» ይባል።

ቋንቋችን ይህን ነገር ከእኛ ቀድሞ አውቆታል። ዝርዝር ስንል በተራ የተጻፈውን ማለታችን ነው፤ ዝርዝር ስንል የድፍን ብር ምንዛሪም ማለታችን ነው። ፎርሙላ ድፍን ብር ነው። ለመያዝ ይቀላል፣ ኪስ አያሳብጥም፣ ትልቅ ዋጋ አለው። ነገር ግን ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ድፍን 200 ብር የዘረጋ ተሳፋሪን ረዳቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ዝርዝር የለህም?» ልጆቻችንን ዓመት ሙሉ ድፍን እያስታቀፍን እንልካቸዋለን፤ ሕይወትም ፈተናም በር ላይ ቆመው ዝርዝር ይጠይቋቸዋል። የእህቴ ልጅ ዝርዝር ነበራት። እኛ ነን «ይህ ገንዘብ አይደለም» ብለን የመለስናት።